የማጣጣሚያ ዝግጅት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የማጣጣሚያ ዝግጅት ክበብ ዘንድሮ ያከናወነው ሥራ ሁሉ ከአንድ ጥያቄ የተነሣ ነው፤ የወር አስቤዛ በቁጥር በሚገዛበት ቤት ውስጥ፣ ከምግብ በኋላ የሚቀርብ ጣፋጭ ነገር ወጪ ሳያበዛ ሊዘጋጅ ይችላል ወይ? ጥያቄውን ያነሣችው ከአባላቱ አንዷ ነበረች። እኔም የኬሚስትሪ መምህር ሆኜ ሳለ ለምን የዚህ ክበብ ኃላፊ እንደተደረግሁ መጀመሪያ ላይ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ድስቱ ሲያር ገባኝ።

በመጀመሪያው ስብሰባችን ሦስት ደንቦች ጸደቁ። አብዛኞቹ አባላት በቤታቸው ኦቨን ስለሌላቸው ኦቨን አይፈቀድም፤ ከ6 በላይ ግብዓት የሚጠይቅ አሠራርም አይቀርብም። ሦስተኛውና ብዙ ያከራከረው ደንብ፣ የሚገባው ነገር ሁሉ በግራም እንዲመዘን፣ ምድጃው በርቶ የቆየበት ደቂቃም ሳይቀር በመዝገብ እንዲሰፍር የሚያስገድድ ነበር። «ቲቸር፣ እናቴ ሁሉን በእጇ መጥና ነው የምትጨምረው፤ ደግሞ ይጣፍጣል» ሲል አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ተቃወመ። እውነቱን ነው፤ ነገር ግን የእናቱ እጅ ሚዛን እስኪሆን ስንት ዓመት እንደፈጀ አልጠየቃቸውም።

የመዝገቡ ጥቅም የታየው የሩዝ ፑዲንግ (በወተት የሚበስል ለስላሳ ማጣጣሚያ) በሠራንበት ሳምንት ነው። ሁለት ቡድኖች እኩል 100 ግራም ሩዝና 1 ሊትር ወተት ይዘው ጀመሩ። አንደኛው ቡድን ሩዙን ከማታ ጀምሮ ዘፍዝፎት ስለነበር፣ በዝግታ እሳት ላይ 15 ደቂቃ ካማሰለው በኋላ ድስቱን አውርዶ፣ ከድኖና በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ ተወው፤ ሩዙም በራሱ ሙቀት በሰለ። ሌላው ቡድን ሩዙን ሳይዘፈዝፍ፣ ድስቱንም ሳይከድን 45 ደቂቃ ሲያማስል ቆየ። ሁለቱ ሲቀርቡ ልዩነት አለው ያለ ቀማሽ አልተገኘም። ብዙ ሰው ስለ ማጣጣሚያ ወጪ ሲነሣ የወተቱንና የስኳሩን እንጂ የእሳቱን አያስብም፤ እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ መዝገቡን ሳገላብጥ ያየሁት፣ ቁጠባው ርካሽ ነገር ፈልጎ ከመግዛት ይልቅ በመመዘንና በመጠበቅ የሚገኝ መሆኑን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያተረፍንበት ግን የደረቀ ዳቦ ነው። ዳቦ የሚደርቀው ውሃው ስለሚተንን ብቻ ይመስለናል፤ ዋናው ምክንያት ግን ሲጋገር ውሃ ጠጥቶ የለሰለሰው ስታርች (የዱቄቱ ዋና ንጥረ ነገር) ሲቀዘቅዝ ተመልሶ መደርደርና መጠንከር መጀመሩ ነው። ተጠቅልሎ የተቀመጠ ዳቦ ሳይቀር የሚጠነክረው፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገባም የሚብስበት በዚህ የተነሣ ነው። ለፑዲንግ ሲሆን ይኸው ጉድለት ጥቅም ይሆናል፤ ትኩስ ዳቦ ወተት ሲነካው ይላሽቃል፣ የደረቀው ግን ወተቱን ጠጥቶም ቅርጹን ይዞ ይቆያል። እኛ 250 ግራም ዳቦ ቆራርሰን፣ በግማሽ ሊትር ወተት፣ በ2 እንቁላል፣ በ60 ግራም ስኳር፣ በቁንጥር ጨውና በጥቂት ቀረፋ 20 ደቂቃ ዘፈዘፍነው። ከዚያም በዘይት በተቀባ ቆርቆሮ ዕቃ ጨምረን፣ የዕቃውን ግማሽ የሚደርስ ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ ከድነን በእንፋሎት አበሰልነው።

በመጀመሪያው ቀን ክዳኑ ላይ የተጠራቀመው እንፋሎት ጠብ ጠብ እያለ ወርዶ፣ ፑዲንጉ ሲወጣ ፊቱ ፈንጣጣ የወጣበት መስሎ ነበር። በቀጣዩ ሳምንት አንዲት አባል ማንም ሳይነግራት ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ከሥር ሸፍና፣ የጨርቁን አራት ጫፎች እሳት እንዳይነካቸው ወደ ላይ መልሳ መያዣው ላይ ቋጠረቻቸው። ጨርቁ ጠብታውን ሁሉ ጠጣው፤ ከ45 ደቂቃ በኋላ የወጣው ፑዲንግ ፊቱ ለስላሳ፣ ዳሩ ከዕቃው በቀላሉ የሚላቀቅ ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጨርቅ ያልታሰረበት ክዳን በክበባችን ታይቶ አያውቅም።

ካራሜል፣ ማለትም ቀልጦ እስኪቀላ የሚበስል ስኳር፣ ደግሞ ትዕግሥታችንን የፈተነ ሥራ ነበር። 80 ግራም ስኳር በ2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ሲፈላ መጀመሪያ ምንም የሚለወጥ አይመስልም። ውሃው አልቆ ሙቀቱ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ግን ገለባ ይመስላል፣ ወዲያው ማር ይመስላል፤ ከማር እስከ ከሰል ያለው ጊዜ አንድ ወሬ ለማውራት እንኳ አይበቃም። ከላይ የጠቀስሁት ድስት ያረረውም በወሬ ነው። ካራሜሉ ላይ የሚፈሰው የእንቁላልና የወተት ውህድ በበኩሉ ከ80 እስከ 85 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይረጋል፤ ሙቀቱ ካለፈ እንቁላሉ ተጨማድዶ ውሃውን ይተፋል፣ ውስጡም ወንፊት ይሆናል። ስለዚህ የድስቱ ውሃ ይንቀጥቀጥ እንጂ አይንተክተክ የሚለውን ትእዛዝ ሰሌዳው ላይ ጽፈነው ከረምን።

ለብዙ ቤተሰብ ከባዱ ወጪ እንቁላሉ ስለሆነ፣ በሁለተኛው መንፈቅ ያለ እንቁላል ወደሚረጋ ኩስታርድ (ወፍራም የወተት ማጣጣሚያ) ዞርን። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እንግሊዛዊው ኬሚስት አልፍሬድ በርድ እ.ኤ.አ. በ1837 ከበቆሎ ስታርች የኩስታርድ ዱቄት የቀመመው እንቁላል ለማይስማማቸው ባለቤቱ ሲል ነበር። እርሾም ስለማይስማማቸው በ1843 ቤኪንግ ፓውደርን አዘጋጀ። (የሙያ ባልደረባዬ ስለሆነ ታሪኩን ካስፈለገው በላይ ደጋግሜ ማውራቴን አባላቱ ይመሰክራሉ።) ለግማሽ ሊትር ወተት 40 ግራም ስታርች በቂ ነው፤ በመጀመሪያ በጥቂት ቀዝቃዛ ወተት ይበጠበጣል፣ አለዚያ ይጓጉላል። ከእንቁላሉ በተቃራኒ ስታርች መፍላት አለበት፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ካልፈላ ጥሬ ጥሬ ይላል። የእንቁላሉን ጥንቃቄ በሚገባ የተማሩ ልጆች እዚህ ላይ እሳቱን ፈርተው ቶሎ በማውረዳቸው፣ ሁለት ጊዜ የዱቄት ጣዕም ያለው ኩስታርድ ለመብላት ተገደናል።

ፈሳሽን በሚያረጋው ፕሮቲን በጄላቲን ያደረግነው ሙከራ አጭር ነበር። ጥሬ አናናስ ቆርጠን ጨመርንበት፤ አደረ፣ አልረጋም። አናናስ የጄላቲንን ፕሮቲን የሚቆራርጥ ብሮሜሊን የተባለ ኢንዛይም አለው። አናናሱ ጥቂት ደቂቃ ቢፈላ ኖሮ ኢንዛይሙ ይበላሽ፣ ጄላቲኑም ይረጋ ነበር። አልደገምነውም፤ ጄላቲን ለኪሳችን የሚመች ስላልሆነ ከዕቅዳችን አወጣነው።

ስኳር በመቀነስ ረገድ ከባድ ክርክር ተደርጓል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ወደ 5 በመቶ ወይም በግምት 25 ግራም እንዲወርድ ይመክራል። ይህን ይዘን የሁሉንም አሠራር ስኳር በሩብ ቀነስን። የሩዙም የዳቦውም ፑዲንግ ምንም አልጎደለባቸውም፤ ካራሜሉ ግን ከስኳር በቀር ሌላ ነገር ስለሌለው የዕቃውን ሥር መሸፈን አቃተው፣ እርሱን ወደ ቀድሞው መጠኑ መለስነው።

ያልተቋጨ አንድ ሥራ አለ። ልጣጩ የጠቆረ ሙዝ ስታርቹ ወደ ስኳር ስለተለወጠ ለኬክ እጅግ ይስማማል፤ 2 ሙዝ ከ150 ግራም ዱቄት፣ ከዘይት፣ ከጥቂት ስኳር፣ ከጨውና ከ1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ጋር አቡክተን በእንፋሎት ስናበስለው ግን መሐሉ በተደጋጋሚ ሰጠመ። የክበቡ ጸሐፊ በመጨረሻው ቀን መዝገቡ ላይ «ሳይበስል ክዳኑ 4 ጊዜ ተከፍቷል፤ የከፈተው አልታወቀም» ብላ አስፍራለች። አራተኛውን የከፈትሁት እኔ ነኝ።