የቦብ ዲለን ባርኔጣዎች በዘፈቀደ የተቀያየሩ አይደሉም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለ አሜሪካዊው ድምፃዊና ገጣሚ ቦብ ዲለን ያወጣችሁትን ሰፊ ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ ብዙ የተደከመበት መሆኑ ያስታውቃል፤ ሆኖም ሁለት ነገሮች እንዲሁ መታለፍ የለባቸውም ብዬ ስላመንሁ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አንደኛው፣ ጸሐፊው ዲለን በየዘመኑ የቀያየራቸውን ባርኔጣዎች ታዋቂ ሰው ከአድናቂዎቹ ለመሸሸግ የሚጠቀምበት ዘዴ ብቻ አድርገው ማቅረባቸው ነው። ሁለተኛው፣ በ1965 በአሜሪካው የኒውፖርት የሕዝብ ዘፈን ፌስቲቫል ስለተነሣው ውዝግብ ከሚተርከው ክፍል ጎን፣ በአበባ ያጌጠ ባርኔጣ የደፋውና ፊቱን ነጭ የተቀባው ዲለን ፎቶ መውጣቱ ነው። ያ ፎቶ ከ1975ቱ የኮንሰርት ጉዞው የተወሰደ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሁለቱ ስሕተቶች የተለያዩ ቢመስሉም መነሻቸው አንድ ነው፤ ባርኔጣዎቹን በቅደም ተከተል አለማየት።

ዲለን ከሚኒሶታ ተነሥቶ ኒውዮርክ የገባው በጃንዋሪ 1961፣ ገና 20 ዓመት ሳይሞላው ነው። እዚያ ካደረሱት ምክንያቶች ዋነኛው ዝነኛውን የሕዝብ ዘፈን ደራሲና ድምፃዊ ዉዲ ገትሪን ለማግኘት የነበረው ጉጉት ሲሆን፣ ገትሪ በዚያን ጊዜ ሀንቲንግተን በተባለ የነርቭ በሽታ ተይዞ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሆስፒታል ተኝቶ ስለነበር ወጣቱ እየሄደ ይጠይቀው፣ አልጋው አጠገብም ሆኖ ይዘፍንለት ነበር። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 29 የሙዚቃ ሐያሲው ሮበርት ሼልተን በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ስለዚህ እምብዛም የማይታወቅ ልጅ ሲጽፍ፣ የተንጨባረረ ፀጉሩን በከፊል የሸፈነችውን ጥቁር የኮርዶሮይ ኮፍያ ሳይጠቅስ አላለፈም። ያችው ኮፍያ በ1962 በወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ሽፋን ላይ ትታያለች። አልበሙ 13 ዘፈኖች አሉት፤ ዲለን ራሱ የደረሳቸው ሁለቱን ብቻ ሲሆን ከእነርሱም አንዱ ለገትሪ የተዘፈነ ነው። የቀሩት ከቀደምት የብሉዝና የሕዝብ ዘፋኞች የወረሳቸው ናቸው። ስለዚህ ኮፍያዋም ዘፈኖቹም የመጡት ከአንድ ቦታ ነው፤ ልጁ የሚወዳቸውን ሰዎች አለባበስም ዜማም በግልጽ ተውሷል፣ መዋሱንም አልደበቀም። በዚያ የሙዚቃ ሰፈር ይህ ነውር አልነበረም፤ ድምፃዊው ራምብሊን ጃክ ኤሊየት የብሩክሊን ሐኪም ልጅ ሆኖ ሳለ የካውቦይ ባርኔጣ ደፍቶ የገትሪን ዘፈኖች ከገትሪ ከራሱ ተምሮ ሲጫወት ኖሯል፣ ስሙም እስከ ዛሬ በክብር ይነሣል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጸሐፊው ጨርሶ ሳያነሡት ማለፋቸው ገርሞኛል፤ በእኔ እምነት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነውና። በ1963 በወጣው ሁለተኛ አልበም ሽፋን ላይ ዲለን በረዶ በሸፈነው የኒውዮርክ መንገድ፣ ከክንዱ ከተጣበቀችው ወዳጁ ጋር፣ እጆቹን ኪሱ ከትቶ ትከሻውን ለብርዱ ሰብሰብ አድርጎ ይራመዳል። ያን ያህል ቢበርደውም ራሱ ላይ ምንም የለም። በዚህ አልበም አብዛኞቹ ዘፈኖች የራሱ ናቸው። የሰው ዘፈን ሲዘፍን የሰው ኮፍያ የደፋው ልጅ፣ የራሱን መዝፈን ሲጀምር ባዶ ራሱን ወጣ። ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው የሚል ካለ የሚከተሉትን ዓመታት ይመልከት። ጁላይ 25 ቀን 1965 በኒውፖርት የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሲወጣ፣ የሕዝብ ዘፈንን እንደ መክዳት ተቆጥሮበት ከሕዝቡ ከፊሉ ጮኸበት፤ ሜይ 17 ቀን 1966 በማንቸስተር አንድ ሰው ከአዳራሹ ውስጥ «ይሁዳ!» ብሎ ሰደበው። ዲለን መሸሸጊያ የሚያስፈልገው ቢሆን ኖሮ ከነዚህ ምሽቶች የበለጠ የሚያስፈልገው ጊዜ አልነበረም። የዚያ ዘመን ፎቶዎች ግን በሁሉም አቅጣጫ የቆመውን ፀጉሩን እንጂ ባርኔጣ አያሳዩም። የጋዜጣችሁ ፎቶ ስሕተት የከነከነኝም ለዚህ ነው፤ ባዶ ራሱን ቆሞ ስድቡን የተቀበለውን ወጣት አንሥታችሁ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ የመጣውን ባለ አበባ ባርኔጣ በቦታው አስቀመጣችሁት።

ባርኔጣው የተመለሰው ከጁላይ 1966ቱ የሞተር ሳይክል አደጋ በኋላ ነው። ዲለን ከመድረክ ርቆ ቆይቶ በ1967 መጨረሻ «ጆን ዌስሊ ሃርዲንግ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ፣ ሽፋኑ ላይ ባርኔጣ ደፍቶ ባውል ከሚባሉት የሕንድ ቤንጋል ተዘዋዋሪ ዘፋኞች ከሁለቱና ከአንድ የአካባቢው ነዋሪ ጋር ቆሟል። ሙዚቃው ጥቂት መሣሪያዎች ብቻ ያሉት፣ ቃሉም መጽሐፍ ቅዱስ መጽሐፍ ቅዱስ የሚሸት ነው። በ1969 የወጣው «ናሽቪል ስካይላይን» ደግሞ ከሁሉም ሽፋኖቹ አብልጬ የምወደው ነው። ፎቶግራፈሩ ኤሊየት ላንዲ ካሜራውን ከታች ወደ ላይ አቅንቶታል፤ ዲለን በአንድ እጁ ጊታሩን ይዞ በሌላው የባርኔጣውን ጠርዝ ነካ ያደርጋል፣ ወደ ታችም እያየን ፈገግ ይላል። ሰውየው ሰላምታ እየሰጠ ነው። አቀማመጡ የወዳጁን የድምፃዊውን የኤሪክ ፎን ሽሚትን የቆየ የአልበም ሽፋን በእጅጉ ይመስላል፤ ያው የፎን ሽሚት ሸክላ ደግሞ በ1965 በወጣ የዲለን ሽፋን ላይ በክፍሉ ተበትነው ከሚታዩት ሸክላዎች መካከል ይገኛል። ልብ ብሎ ላየው ሰው ባርኔጣውን ከየት እንዳመጣው ራሱ ዲለን ከአራት ዓመት በፊት አሳይቶናል።

ወደ 1975 ስንመጣ በእርግጥ ነገሩ ወደ ቴአትር ያደላል። ኦክቶበር 30 ቀን በማሳቹሴትስ ፕሊመዝ ከተማ በተጀመረው የኮንሰርት ጉዞ ዲለንና ባልደረቦቹ መጀመሪያ የመረጡት ትልልቅ ስታዲየሞችን ሳይሆን አነስተኛ አዳራሾችን ነበር። ባርኔጣው ሰፊ ጠርዝ ያለው ሲሆን ዙሪያውን አበባና ላባ ይሰካበት ነበር፤ ፊቱንም ነጭ ይቀባ ነበር። በዚያ ጉዞ ድምፃዊቷ ጆአን ባየዝ ራሷ ያንኑ ዓይነት ባርኔጣ ደፍታ ፊቷን ነጭ ተቀብታ ዲለንን መስላ የወጣችበት ጊዜ አለ፤ መድረኩ ላይ ሁለት ዲለን ይታያል ማለት ነው። ይህን የመሰለ ጨዋታ ተመልካቹ እያወቀ የሚሳተፍበት እንጂ የሚታለልበት አይደለም። ደግሞም ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ ዲሴምበር 8 ቀን በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የተካሄደው ዝግጅት በግድያ ተፈርዶበት ለታሰረው ቦክሰኛ ሩቢን ካርተር ድጋፍ የተሰናዳ ነበር። የካርተር ፍርድ በ1985 በፌዴራል ዳኛ ተሽሯል።

በ1993 ብቻውን በጊታርና በሐርሞኒካ የጥንት ዘፈኖችን ሲቀርጽ፣ ሽፋኑ ላይ የጥንት ሰው የሚያስመስለውን ረጅም ጥቁር ባርኔጣ ደፍቶ ለንደን ውስጥ ካፌ ተቀምጦ ይታያል። ይህ ብዙ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ ለመሆን፣ እርሳቸው ያሉትን የሚደግፍ አንድ ምሽት እንዳለ እቀበላለሁ። ዲለን ከ37 ዓመት በኋላ በኦገስት 2002 ወደ ኒውፖርት ሲመለስ፣ ከነጭ የካውቦይ ባርኔጣው ሥር ሰው ሠራሽ ፀጉርና ጺም አድርጎ ነበር። ይህ መሸሸግ ነው ቢባል አልከራከርም፤ ብዙ ነገር ጥሎበት ወደሄደው መድረክ ሲመለስ ፊቱን መስጠት የከበደው ሰው ይታየኛል። ነገር ግን አንዱን ምሽት የዕድሜ ልኩ መለኪያ ማድረግ ተገቢ አይደለም። በሴፕቴምበር 1997 ቦሎኛ ላይ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ፊት ከዘፈነ በኋላ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ደረጃውን ወጥቶ እጅ ነሥቷቸዋል። ባርኔጣ መቼ እንደሚደፋና መቼ እንደሚወልቅ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው መሆኑን ከዚያች ቅጽበት በላይ የሚያሳይ አላገኘሁም።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በሚቀጥለው እትም የፎቶው ዓመት 1975 መሆኑ በእርማት ይገለጽ፤ ለ1965ቱ ታሪክም የዚያ ዓመት ፎቶ ይውጣለት። ወደፊትም ስድሳ ዓመት ያህል የዘፈነን ሰው ፎቶ ስታወጡ፣ ከሥሩ ከስሙ ሌላ የተነሣበትን ዓመትና የፎቶግራፈሩን ስም ጨምሩበት። ወጣት አንባቢዎቻችሁ ዲለንን የሚያውቁት በአብዛኛው በፎቶ ስለሆነ፣ የትኛው ባርኔጣ ከየትኛው ዘፈን ጋር እንደሚሄድ በዚያች አንዲት መስመር ሊያውቁ ይችላሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ