ይድረስ ለጤና ሚኒስቴርና ለፍትሕ ሚኒስቴር፦ የማንን ትእዛዝ ይዘን በር እናንኳኳ?

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

አዲስ አበባ የምሠራ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። የምጽፍላችሁ በሕመማቸው ሳቢያ ወንጀል ፈጽመው፣ ታክመው ወደ ቤታቸው ስለተመለሱ ሰዎች ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 መሠረት፣ በሕመሙ ምክንያት የሚያደርገውን ያላወቀ ሰው አይቀጣም። ፍርድ ቤት ሕክምና ሊያዝለት ይችላል። ትእዛዙ ፋይል ውስጥ ይቀራል፤ ሰውየው ሰፈሩ ይገባል።

ከቀጠሮ የቀረውን ቤቱ ድረስ ሄደን እናያለን። አድራሻው «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ነው። የታክሲው ከኪሳችን። ጎረቤት እንዳያውቅበት ጋውን አንለብስም። የተጎጂው ቤተሰብ እዚያው ሰፈር ከሆነና እርቅ ካልወረደ ደግሞ እኛም በክፉ ዓይን እንታያለን።

ስንማር «በሩ አጠገብ ተቀመጡ» ተብለናል። እናትየው ግን «ኧረ ወደ ውስጥ ግቢ ልጄ፣ በር ላይ ምን ያስቀምጥሻል?» ይላሉ። ቡናው ቀርቧል። እምቢ ካልኩ ልጃቸውን ፈራሁባቸው ማለት ነው። ገብቼ ጥጉን እይዛለሁ፤ ልጁ በእኔና በበሩ መሀል ይቀመጣል። (አብዛኛውን ጊዜ ከእኔ ይልቅ ፍርሃት የሚይዘው እሱን ነው።)

ይህንንስ ለምደነዋል። ያልለመድነው ሌላ ነው። አንዲት እናት የኪኒኑን ብልቃጥ አሳዩኝ፤ ጭራሽ አልተነካም። ወዲያው እጄን ይዘው «ለፖሊስ እንዳትነግሪብን» አሉኝ። ብናገር በሚቀጥለው ወር በሩ አይከፈትልኝም። ዝም ብዬ አንድ ነገር ቢፈጠር «ነርሷ ታውቅ ነበር» ይባላል። ለማን ነው የምናገረው? ለሐኪሙ? ለፖሊስ? ለዳኛው? እጃችን ላይ የገባ መመሪያ ስለሌለ ሁሉም እንደየልቡ ይሠራል።

ቤት ለቤት መሄድ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ጤና ኤክስቴንሽን ከ1995 ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። የእኛን ሥራ ግን ፍርድ ቤትም ፖሊስም ይነኩታል። ስለዚህ ሁለታችሁ አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ጻፉልን። መድኃኒት ማቋረጥ ለሐኪሙ ይነገር፤ ፖሊስ የሚጠራው ሰው ላይ አደጋ ሲያንዣብብ ብቻ ይሁን። ይህም ታካሚው ከሆስፒታል ሳይወጣ፣ እሱም ቤተሰቡም ባሉበት ይነገራቸው። ሁለት ሆነን እንድንሄድ ፍቀዱ፤ የታክሲውንም መሥሪያ ቤቱ ይቻል። በኪኒኑ ፈንታ በወር አንዴ የሚወጋው መርፌም «አልቋል» አይባል። መርፌው ካለ ኪኒን እየቆጠርን ከእናቶች ጋር አንተዛዘብም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስ