ክሩን ልቀባው ወይስ ልተወው?

አንተዬ፣ እንዴት ከረምክ? ጠፋሁ፣ አውቃለሁ፣ አውፍ በለኝ። ስድቡን ስትመጣ ቡና ላይ ታወርድብኛለህ። አሁን ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት። ሳቅ እንግዲህ፣ "ካልቸገረው አይጽፍም" በል።

እህቴ ኮምቦልቻ ዶሮ ቤት ከፍታለች። የቀትሩን ሙቀት ታውቀዋለህ። መስኮቶቹን ወደ ላይ የሚከፍት ትንሽ አክቹዌተር ሠራንላት፦ ሞተር፣ ባለ 8 ሚሊሜትር የክር ዘንግ (እንደ ብሎን ጥርስ ያለው)፣ እሱ ላይ የሚሄድ የነሐስ ዳዶ፣ በቃ። ኩራቷን ብታይ! ደሴ ድረስ እየደወለች "ተከፈተልህ" ትለኛለች።

መከራው አቧራው ነው። ግራሶው ላይ ይለጠፍና ሞረድ ሆኖ ዳዶውን ይበላዋል። ልጇ ግራሶውን ጠርጎ ደረቅ ማለስለሻ፣ ቴፍሎን፣ ነፋበት። ሲጢጥታው ጠፋ፣ ሁላችንም ተደሰትን። ከዚያ ቀትር ላይ መብራት ጠፋና መስኮቱ ክሩን እያሽከረከረ ቁልቁል ወርዶ ጫጩቶቹ ላይ ተዘጋ። ደግነቱ ቤት ነበረች።

ተቀምጬ አሰላሁት። ክሩ በአንድ ዙር 2 ሚሊሜትር ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ የሰበቃው መጠን ከ0.09 ገደማ ከወረደ ራሱን መቆለፍ ያቆማል፣ የመስኮቱ ክብደት ብቻውን ያሽከረክረዋል ማለት ነው። ቴፍሎን ደግሞ ከዚያ በታች መውረድ ይችላል። ስንረግማት የኖርነው ሰበቃ ናት ለካ መስኮቱን ይዛ የቆመችው፣ ወላሂ።

እና አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ያቺ የመሰርሰሪያ ፑንታ ላይ የምናያት ወርቃማ ሽፋን፣ ቲታኒየም ናይትራይድ ናት። ክሩ እንዳይበላ ጠንካራ ናት፣ እንደ ቴፍሎን ግን አታንሸራትትም፣ የምፈልገውም ይኼንኑ ነው። ውፍረቷ ጥቂት ማይክሮሜትር ስለሆነ ዳዶውም አይጠብም። ግን ስትቀባ ሙቀቱ እስከ 500 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፣ ቀጭን ዘንግ አይጣመምብኝም? ፊቷ ሻካራ ከሆነ ደግሞ ክሩ ተርፎ ዳዶው ያልቃል፤ አንዱን ብቻ ማዳን ምን ይሠራል? ሞሊብዴነም ዳይሰልፋይድ የሚባለውን ደረቅ ማለስለሻ እንዳትለኝ ብቻ። ለጠፈር መሣሪያ ጥሩ ነው፣ እርጥበት ግን አይስማማውም። ዶሮ ቤት ገብተህ ታውቃለህ?

ሌላም ልጠይቅህ የነበረ... ተወው፣ እሱን በስልክ።

ያሉህ ሰዎች አንድ ዘንግ ለሙከራ ይቀቡልኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ፣ ከቀቡ በኋላም ይወለውሉት እንደሆነ። ዋጋው ከዶሮዎቹ ከበለጠ ሳታፍር ንገረኝ። አቧራ እንዳይገባው የጎማ ኩፊያ አልብሼው ዳዶውን እየቀያየርኩ እኖራለሁ።