ልጆቻችን ቁርስ ሳይበሉ እንዳይመጡ

ውድ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ሳምንት ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አራተኛ ክፍል ገብቼ ነበር። አንዲት ልጅ ዴስኩ ላይ ተደፍታለች። መምህሯ «ሁልጊዜ እንዲህ ናት» አሉኝ። ጠጋ ብዬ «አሞሻል እንዴ?» አልኳት። «አይ» አለችኝ። «መቼ ነው የበላሽው?» ስላት ዝም አለች። ቆይታ፣ ቀስ ብላ፣ «ማታ» አለች። ጠዋት ውሃ ቀድታ፣ አንድ ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ነው የመጣችው። ካርዷ ላይ ግን «ትኩረት የላትም» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

አንጎል ከአዋቂ ሰው ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሆኖም ዐርፈን ስንቀመጥ እንኳ ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ጉልበት 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው እሱ ነው። የልጅ አንጎል ደግሞ ከዚህም ብዙ ይፈልጋል። ማታ 2 ሰዓት ላይ በልቶ የተኛ ልጅ፣ ቁርስ ካልቀመሰ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ 14 ሰዓት ሙሉ እህል አልቀመሰም ማለት ነው። ሰሌዳውን ያያል፤ የተጻፈው ግን አይገባውም።

ሆድ መሙላቱም ብቻውን አይበቃም። አይረን የሚባለው የምግብ ንጥረ ነገር ያነሰው ልጅ ደሙ ኦክስጅን እንደልብ አይሸከምለትም። ቶሎ ይደክመዋል፣ ሐሳቡ አይሰበሰብም። የሆድ ትል ካለበት ይብስበታል። ምስር፣ ባቄላ፣ አረንጓዴ ቅጠል፣ ሲገኝም እንቁላል ወይም ሥጋ ስጡት። ቅጠሉ ላይ ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ሰውነት አይረኑን በደንብ ይወስደዋል። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ግን ይከለክሉታል፤ ቆየት ብሎ ይሁን። ጨውም አዮዲን ያለው ግዙ፤ አዮዲን ማነስ የልጅን አንጎል ይጎዳል። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፤ ምግቡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

ቤት ሁሌ እንደማይሞላ አውቃለሁ። እንቁላሉን ለልጃችሁ እንደመስጠት ገበያ የምታወጡት ወዳችሁ አይደለም። ቢሆንም ከእራቱ ላይ ትንሽ ለጠዋት ይቀመጥለት። ጉርሻም ብትሆን ከምንም ትሻላለች።

ለጥበቃውም ለመምህራኑም ነግሬአለሁ፤ ቁርስ ሲበላ ያረፈደ ልጅ ከበር አይመለስም። ቤት ምንም የጠፋ ዕለትም ልጁን አታስቀሩት። ላኩትና ለእኔ ለብቻዬ ንገሩኝ፤ አብረን መላ እንፈልጋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር