የኮንቴይነሩ ሲል (ማሸጊያ) ሳይነካ ዕቃው ሲጎድል

ክቡር አዘጋጅ፤

ጭነት በጠፋ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ሹፌር ላይ ነው። ከባዱ ማጭበርበር ግን ገና ሲጫን ያልቃል፦ ደላላ በስልክ መኪና ያገናኛል፣ ፎርጅድ ሊብሬና ታርጋ የያዘ ሰው ይጭናል፣ ማታ ስልኩ ይዘጋል። ላኪው የሊብሬውን ፎቶ ሳይሆን ዋናውን ይይ፤ የሻንሲ ቁጥሩን መኪናው ላይ ከተመታው ጋር ያመሳክር፤ የተሳቢውን ታርጋ ለብቻው ይመዝግብ (ይሄ ሁሌ ይረሳል)። ለመኪናው ባለንብረትም ደላላው በሰጠው ቁጥር አይደውል።

ከጅቡቲ በጋላፊ በኩል ሞጆ ለሚገባ ኮንቴይነር የሲል ቁጥር ማየት ብቻውን አይበቃም። የበሩን እጀታ የያዘውን ሪቬት (የብረት ማጣበቂያ ሚስማር) በድሪል አውጥተው ይከፍቱና በብሎን ተክተው ቀለም ይቀቡታል፤ ሲሉ እንዳለ ይደርሳል። ሪቬቶቹን በእጅ ዳሱ፣ አዲስ ቀለም ፈልጉ።

የጆንያ ጭነት ላይ ደግሞ ቆጠራ አያድንም። በሾለ ቱቦ ከየጆንያው 1 ኪሎ ቢቀዳ፣ ባለ 50 ኪሎ 800 ጆንያ ቁጥሩ ሳይጎድል 8 ኩንታል ያንሳል። በመነሻም በመድረሻም ይመዘን፤ ውሃ ከተረጨበት ግን ሚዛኑም ይዋሻል፣ እርጥበቱ ይታይ። ጉድለቱ ሹፌሩ ሳይሄድ ማስረከቢያ ሰነዱ ላይ ተጽፎ ይፈረምበት። «በሙሉ ተረክቤያለሁ» ብሎ ፈርሞ በማግስቱ ኢንሹራንስ ደጅ መጥናት ከንቱ ድካም ነው።

ከጭነት ትራንስፖርት ባለሙያዎች
አዲስ አበባ