ለዘገየው ጥያቄህ መልስ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልህ መቅረቴ ያሳፍረኛል። መጀመሪያ የእናቴ ሕመም መጣ፤ ቀጥሎ ኀዘኑ፤ ከዚያ ደግሞ «ይህን ያህል ዘግይቼ ምን ብዬ ልጀምር?» የሚለው እፍረት። እፍረቱ ከሁሉም ረዘመ። ደብዳቤህ ግን ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ወጥቶ አያውቅም። መጨረሻው ላይ የጻፍካትን ጥያቄም በቃሌ እይዛታለሁ፦ «ያ በእጅ የተገጣጠመ ሽጉጥ ያን ያህል ገንዘብ ይገባዋል?»

ያኔ ብመልስልህ ኖሮ ከሰው የሰማሁትን ነበር የምደግምልህ። ዛሬ ግን በእጄ ይዤ ያየሁትን እነግርሃለሁ። አብረውን የሚተኩሱ አንድ አዛውንት እንደዚያ ያለውን ሽጉጥ አዲስ ገዙ፤ ወዲያው ዓይናቸውን ቀዶ ሕክምና ተደረጉና መተኮስ ተከለከሉ። «እኔ እስክድን አንተ ተኩስበት፤ አዲስ ስለሆነ መሟሸት አለበት» አሉኝ። ሁለት ወር በየሳምንቱ፣ እርሳቸው ከኋላዬ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ 900 ያህል ጥይት ተኮስኩበት።

የምትከፍለው ለምን እንደሆነ ልጀምርልህ። መሠረቱ ጆን ብራውኒንግ የነደፈውና የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1911 የተቀበለው ሽጉጥ ነው። ጦሩ እስከ 1985 ድረስ ይዞት ቆይቷል። ያ የጦር ሽጉጥ ስትነቀንቀው ይንኳኳል፤ መንኳኳቱም ጉድለት አይደለም፣ ታስቦበት የተደረገ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጽሕፈት መኪና ሠሪው ሬሚንግተን ራንድ ከሁሉም አብልጦ ሠርቶታል፤ የልብስ ስፌት መኪና ሠሪው ሲንገር ሳይቀር 500 ሠርቷል። የአንዱ ፋብሪካ ክፍል በሌላው ፋብሪካ ሽጉጥ ውስጥ ያለ ሞረድ መግባት ነበረበት፤ ለዚያ ደግሞ በክፍሎቹ መካከል ክፍተት መተው ግድ ነው። ክፍተቱ ጭቃና አቧራም እንዳያቆመው ይረዳዋል። (የሲንገሮቹን 500 ሽጉጦች ዛሬ ሰብሳቢዎች እጅግ ውድ በሆነ ዋጋ ይሻሙባቸዋል። ያ ግን የብርቅነት ዋጋ ነው፤ አንተ የጠየቅኸኝ የሥራ ዋጋ ነው።)

እንደ ዊልሰን ኮምባት፣ ናይትሆክ፣ ኤድ ብራውንና ሌስ ቤር ያሉት ሠሪዎች የሚሸጡልህ የዚያን ክፍተት መዘጋት ነው። ሥራቸው ከባዶ ተነስቶ ለአንድ ደንበኛ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ሞዴሉ የእነርሱ ነው፤ አንተ ማነጣጠሪያውን፣ እጀታውንና ቀለሙን ትመርጣለህ። ከዚያ በኋላ ባለሙያ ተቀምጦ ክፍሎቹን እየሞረደ፣ እየሞከረ፣ እንደገና እየሞረደ እርስ በርስ ያጣጥማቸዋል። ናይትሆክ ዘንድ እንዲያውም አንዱን ሽጉጥ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው የሚገጥመው አንድ ባለሙያ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ሽጉጡን ፈትቼ ሳጸዳው ነው። ማነጣጠሪያዎቹ ያሉት በላይኛው ተንሸራታች አካል ላይ ነው፤ በርሜሉ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ብረት ነው። በተኮስክ ቁጥር በርሜሉ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ከላይኛው አካል ይላቀቅና እንደገና ተነስቶ ይቆለፋል። ስለዚህ ዓይንህ የሚያየው አንድ ነገር፣ ጥይቱ የሚወጣበት ሌላ ነገር ነው። በርሜሉ በየተኩሱ ወደዚያችው ቦታ ካልተመለሰ፣ አንተ ምንም ያህል አስተካክለህ ብታነጣጥር ጥይቱ ወደ ሌላ ይሄዳል። ባለሙያው ቀኑን የሚያጠፋው በርሜሉን አፍንጫው፣ በላይ ጥርሶቹና በታች መቀመጫው ላይ አጣጥሞ ወደ አንድ ቦታ ብቻ እንዲመለስ ለማድረግ ነው። የላይኛውን አካል ወደ ኋላ ስትስበው አይንገጫገጭም፣ አያመነታም፤ ሐር በሐር ላይ የሚጎተት ይመስላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስስበው ሳላስበው ደገምኩት፤ አዛውንቱ ከኋላዬ ሳቁ።

ይህን ስልህ ሠሪዎቹ በቃል ብቻ እንደማያወሩም ልጨምርልህ። ሌስ ቤር በ50 ያርድ፣ ማለትም ወደ 46 ሜትር ገደማ፣ ጥይቶቹ በ3 ኢንች ውስጥ እንደሚያርፉ ዋስትና ይሰጣል። ይህ 7.6 ሴንቲሜትር ነው።

እኔ የለካሁት በ25 ሜትር ነው። የራሴን አሮጌ ሽጉጥና የአዛውንቱን አዲስ ሽጉጥ በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፌ፣ በተመሳሳይ ጥይት፣ አሥር አሥር ተኮስኩ። አሮጌው ሽጉጤ አሥሩን በ9 ሴንቲሜትር ውስጥ በተናቸው፤ የአዛውንቱ በ4። ልቤ ቀጥ አለ። ዋጋው ተገቢ ነው ብዬ ዕለቱን ልጽፍልህ ነበር። በማግስቱ ግን ከረጢቱን ትቼ፣ ቆሜ፣ ውድድር ላይ እንደምንተኩሰው ተኮስኩ። በአሮጌው 20 ሴንቲሜትር፣ በአዲሱ 18 ተኩል። በቃ! አራትና አምስት እጥፍ ዋጋ የሚያወጣው ሽጉጥ በእኔ እጅ ያተረፈልኝ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ነው።

ማታ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። የእጅ ስሕተትና የሽጉጥ ስሕተት ተራ በተራ አይደመሩም፤ በግምት እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ይደመሩና የድምሩ ሥር (ስኩዌር ሩት) ይወሰዳል። የእኔ እጅ ብቻውን 18 ሴንቲሜትር ቢበትን፣ ከ9ኙ ጋር 20 ይሆናል፤ ከ4ቱ ጋር 18 ተኩል። ልክ ሜዳው ላይ እንዳየሁት! ትልቁ ስሕተት ትንሹን ይውጠዋል። አሁን ደግሞ እጁ 6 ሴንቲሜትር ብቻ የሚበትን ሰው አስብ። በአሮጌው ሽጉጥ ወደ 11 ይሰፋበታል፤ በአዲሱ 7 ገደማ። የዓለም አቀፉ ውድድር ኢላማ 10 ቁጥሯ 5 ሴንቲሜትር፣ 9 ቁጥሩ 10 ሴንቲሜትር ስፋት እንዳለው ታውቃለህ። ለዚያ ሰው ያ ልዩነት የነጥብ ልዩነት ነው። አንዱ ሽጉጥ ድካሙን ያባክንበታል፤ ሌላው እንዳለ ያስረክብለታል።

ምላጩ፣ ለመተኮስ በጣትህ የምትስበው፣ ግን ለብቻው የሚነገር ነገር ነው፤ እርሱ የሚነካው እጅን ነውና። ከ2 ኪሎ በታች በሆነ ስበት፣ ሳይጎተትና ሳይንሸራተት፣ እንደ ቀጭን ብርጭቆ ቅጭ ይላል። የተኩሱ ቅጽበት አያስደነግጥህም። ከሁሉም ይልቅ የወደድኩት ይህን ነበር። ነገር ግን ጎበዝ የመሣሪያ ባለሙያ የተራውንም ሽጉጥ ምላጭ በትንሽ ገንዘብ ወደዚያ ሊያቀርበው ይችላል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ የአሮጌውን ምላጭ አሠራሁ፣ የበርሜሉን አፍንጫ የሚይዘውን ቀለበት በልኩ አስገጠምኩ። በከረጢት ላይ ከ9 ወደ 6 ተኩል ወረደልኝ። ለእኔ እጅ ይበቃል።

እንከኑንም አልደብቅህም። በመጀመሪያዎቹ 200 ጥይቶች ውስጥ ሦስት ጊዜ የላይኛው አካል ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ቆሞብኛል። እንዲህ ጠብቆ የተገጠመ ሽጉጥ እስኪሟሽ 500 ጥይት ገደማ ሊፈልግ ይችላል፤ ዘይቱም ሊለየው አይገባም። የዚያን ጥይት ዋጋ ከሽጉጡ ዋጋ ጋር ደምረው። ሌላም አለ፤ የመረጥከው ቀለምና ጌጥ ለአንተ የተደረገ ስለሆነ፣ ነገ ልሽጠው ብትል ገዢው ለምርጫህ አይከፍልህም። ስለዚህ ተበድረህ እንዳትገዛው፤ ለልጆቹ ትምህርት ካስቀመጥከውም እንዳትነካ።

ውበቱን ደግሞ ምክንያት አይሆንም የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። የእጀታው የፊት ገጽ በአንድ ኢንች 30 መስመር ሆኖ ተፈልፍሏል፤ መስመሮቹ አንዱም ከሌላው አይዛባም። ጣቶችህ ያርፉበታል እንጂ አይጨብጡትም። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ሰው ሊከበርና ሊከፈለው ይገባል። ጥያቄው ከፋዩ እኔ ልሁን ወይስ አንተ የሚለው ነው።

እኔ አይደለሁም። እጄ ገና ከአሮጌው ሽጉጤ አልበለጠም፤ ሲበልጥ እንነጋገራለን። አንተ ግን ሌላ ነህ። አብረን በተኮስንበት የመጨረሻው ዓመት፣ ከሰው በተዋስከውና በሚንኳኳው ሽጉጥ፣ ቆመህ፣ በ25 ሜትር አሥሩን በመዳፌ ከሸፈንኳት ቦታ ላይ ማሳረፍህን አልረሳሁም። ወረቀቷ ዛሬም እኔ ዘንድ ነች፤ ትናንት አውጥቼ ለካኋት፤ 10 ሴንቲሜትር ተኩል ነች። ከዚያ ውስጥ የሽጉጡን ድርሻ ባወጣሁ ጊዜ የአንተ እጅ 6 እንኳ ላይሞላ ይችላል። ያን ሽጉጥ ዓለም ላይ ለማንም ሰው ግዛ ብዬ የምመክር ከሆነ፣ ለአንተ ነው።

ሦስት ዓመት ግን ረጅም ነው፤ ምን ያህል እንደተለማመድክም አልነገርከኝም። ስለዚህ ገንዘቡን ከማውጣትህ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ። በያዝከው ሽጉጥ አሥር ጥይት በከረጢት ላይ፣ አሥር ደግሞ ቆመህ፣ በ25 ሜትር ተኩስና ሁለቱንም ወረቀቶች ላክልኝ። በኋላ መልካሙን ብቻ መርጠህ እንዳትልክ፤ የመጀመሪያዎቹን ነው የምፈልገው። ከአሮጌዋ ወረቀትህ ጎን አስቀምጬ እለካቸዋለሁ፤ መልሱንም በዚያው ሳምንት እጽፍልሃለሁ።

ባለቤትህን እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። ልጆቹን ሳምልኝ።

ያንተው፣ የማይረሳህ ወንድምህ