ፕላኑ ሳያልቅ ጠይቁን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ መልሶ ማልማት የምታወጧቸውን ዘገባዎች እከታተላለሁ። ሕንፃው ስንት ፎቅ እንደሚኖረው፣ መንገዱ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ የብስክሌት መስመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ትነግሩናላችሁ። ነዋሪው መቼ ተጠየቀ፣ ምንስ አለ የሚለውን ግን ፈልጌ አጣለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

የምኖረው አዲስ አበባ መሀል ካሉት የቆዩ ሰፈሮች በአንዱ ነው፣ ቀበሌ ቤት ውስጥ። የሰፈራችን እድር ጸሐፊም ነኝ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሰፈሩ እንዳለ ይቆይ የሚል ሰው እኛ ጋ ብዙም የለም። ቤቱ ጭቃ ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ እሳት ቢነሳ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት መንገድ የለም። በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ወዲህ ኪራዩ ለረጅም ዓመታት እዚያው ባለበት ቀረ፣ እድሳቱም አብሮ ቀረ። ለውጡን ከማንም በላይ የምንፈልገው እኛ ነን። ጥያቄያችን ዲዛይኑ ሳያልቅ፣ ገና በእርሳስ እያለ እኛ ዘንድ ይምጣ ነው።

ዘመዶቼ በሚኖሩበት ሰፈር ለልማት ተነሺዎች በተጠራ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። በስክሪን ላይ የሚያምር ሰፈር ታየ፤ ዛፍ አለ፣ ፋውንቴን አለ፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ። አንዲት እናት እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ የኔ ቤት የቱ ጋ ነው?» ብለው ጠየቁ። አስረጂው በትህትና «እማማ፣ እሱ በቀጣይ ይገለጻል» አላቸው። ቁጭ አሉ። ከዚያ በኋላ የተነሱት ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ምትክ ቤትና ስለ ካሳ ነበሩ፣ ምክንያቱም ሌላ የሚጠየቅ ነገር አልቀረም፤ ሁሉም ተወስኖ አልቋል። ይህ ማስታወቂያ እንጂ ውይይት ሊባል አይችልም።

ለምን ቀድሞ መጠየቅ እንዳለብን ከእድራችን መዝገብ ላሳያችሁ። በወረዳው መዝገብ አንድ የቤት ቁጥር ማለት አንድ ተከራይ ማለት ነው። በእኛ መዝገብ ግን በዚያው ቁጥር ሥር አራት እድርተኛ የተመዘገበበት ቤት አለ። ውሉ በስማቸው የሆነው ወይዘሮ፣ አግብቶ ጓሮ ላይ ቤት የቀጠለው ልጃቸው፣ ለዓመታት አብረዋቸው የኖሩት ደባል፣ አንዷን ክፍል የተከራየው የሊስትሮ ዕቃ ነጋዴ ከነሚስቱ። ሁሉም ወርሃዊ ይከፍላሉ፣ ሁሉም ድንኳን ይተክላሉ። በወረዳው መዝገብ ብቻ ፕላን ያወጣ ባለሙያ አንድ ቤተሰብ ያነሳሁ ብሎ አራት ቤተሰብ ያነሳል። ሦስቱ የት ሄዱ ብሎ የሚጠይቅም የለም፣ መጀመሪያም አልተቆጠሩማ። መዝገባችንን ስጡን ቢሉን በደስታ እናሳያቸዋለን። በዓመቱ አጠቃላይ ጉባኤያችን ላይ መጥተው ቢቀመጡ ደግሞ አባወራና እማወራውን ሁሉ ባንድ ቀን ያገኙታል።

ሌላው እንጀራ ነው። ጎረቤቴ እንጀራ ጋግራ በዙሪያችን ላሉት ምግብ ቤቶች ታስረክባለች፣ ከሰዓት ደግሞ ጉሊት ትቀመጣለች። ልጆቿን ያስተማረችው በዚህ ነው። የሷ ሥራ ያለው ቦታው ላይ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ብትሰጧት ቤቱ ከአሁኑ በብዙ እጥፍ ይሻላል፣ ውሃ ውስጡ ይገባል፣ መታጠቢያ አለው። ግን ምጣዶቿን የት ትደርድር? ጭሱ በየት ይውጣ? ደንበኞቿስ እዚያ ድረስ ይመጣሉ? ፕላኑ ሲወጣ ብትጠየቅ ኖሮ ምድር ቤት ላይ ለጋጋሪዎች የሚሆን የጋራ ቦታ ይኑር ትል ነበር፣ ይህ ደግሞ ፕሮጀክቱን የሚያከስር ጥያቄ አይደለም። የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ውስጥ ለማረጃ፣ ለድግስና ለለቅሶ ተብሎ የጋራ ቤት የተሠራው የአኗኗራችን ነገር ከግምት ገብቶ ነው፣ ጥሩ ሐሳብም ነበር። ሆኖም ባለቤቱ ማን እንደሆነ ከነዋሪው ጋር ቀድሞ ስላልተመከረበት በየቦታው ሲያጨቃጭቅ ኖሯል፤ አንዳንዱ ጋ ተከራይቶ ሱቅ ሆኗል።

«ሁሉን ሰው እንጠይቅ ካልን ልማቱ ይጓተታል» የሚሉ አሉ። ስጋቱ ይገባኛል። ግን ሕጉ ራሱ ነዋሪው ይጠየቅ ይላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይላል። ስለ ይዞታ ማስለቀቅና ካሳ በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ባለይዞታው በሰፈሩ ልማት ቅድሚያ እንዲሰጠው፣ በግልም ሆነ ተደራጅቶ በፕላኑ መሠረት ማልማት እንዲችል መንገድ ከፍቷል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አዋጁ በዋናነት የሚያወራው ስለ ባለይዞታ ነው። መሀል ከተማ ግን አብዛኛው ሰው የቀበሌ ቤት ተከራይ ነው፣ ከሥሩ ደግሞ ደባሉ አለ። ካርታ የሌለው ሰው በተወለደበት ሰፈር ጉዳይ ላይ ድምፅ አይኖረውም ማለት ነው? ልጅነቱን፣ ሥራውን፣ እድሩን እዚያ ያደረገ ሰው እኮ ነው።

ደግሞ አዲስ ነገር አምጡ እያልን አይደለም። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖትና ልደታ አካባቢ፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ የመሠረቱት ድርጅት ከነዋሪው ጋር እየመከረ ቤት አድሷል፣ የጋራ ማዕድ ቤትና ሽንት ቤት ሠርቷል። ታይላንድም በአውሮፓውያኑ 2003 በተጀመረው «ባን ማንኮንግ» በተባለው ፕሮግራም ነዋሪዎች በቁጠባ ማኅበር ይደራጃሉ፣ ከመንግሥት ብድር ያገኛሉ፣ ሰፈራቸውን ከአርክቴክቶች ጋር ተቀምጠው ይነድፋሉ። እኛ ቁጠባውን በእቁብ፣ መደራጀቱን በእድር አስቀድመን የያዝን ሕዝብ ነን። የሚጎድለን ከባለሙያው ጋር የምንቀመጥበት ወንበር ነው።

እውነቱን ለመናገር የተሻሻለም ነገር አለ። ድሮ ኮንዶሚኒየም በዕጣ ሲደርስ ጎረቤት ከጎረቤት ተበታትኖ ነበር፤ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ቦሌ አራብሳ። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲነሳ ብዙዎቹ ገላን ጉራ በተባለው የመኖሪያ መንደር አንድ ላይ መግባታቸው ከዚያ ይሻላል፣ ቢያንስ ለለቅሶ የሚሰበሰብ ሰው አብሮ ሄዷል። ይህ እርምጃ አንድ ደረጃ ወደፊት ይሂድ ነው የምለው። የት ይሂዱ ከማለት በፊት ማን ይቅር፣ ማን መሄድ ይፈልጋል ይባል። ወጣቱ ሰፊ ቤት ካገኘ ራቅ ቢል ደስ ይለዋል። ሕክምና የሚከታተሉ አዛውንት፣ እንደ ጎረቤቴ ያለች ሠራተኛ ግን እዚያው ሰፈር ላይ ትንሽ ክፍል ቢሰጣቸው ይመርጣሉ። ይህን ከቢሮ ሆኖ መገመት አይቻልም፣ መጠየቅ ነው ያለው።

በዕድሜ የገፉት ሽማግሌዎቻችን ደግሞ ከማንም መሐንዲስ ያላነሰ የሚያውቁት ነገር አለ። ክረምት ጎርፉ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ የቱ ቱቦ እንደተደፈነ፣ ወንዙ ሲሞላ እስከ የት እንደሚደርስ አብረዋችሁ እየዞሩ ያሳዩዋችኋል። ለዚህ የአንድ ቀን እግር ጉዞ ይበቃል።

እናንተን የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ከአሁን በኋላ የመልሶ ማልማት ዜና ስትሠሩ ሦስት ጥያቄ ጨምሩልን፦ ረቂቁ ለነዋሪው የታየው መቼ ነው? ደባሎችና የጉሊት ሻጮች ተቆጥረዋል ወይ? በነዋሪው አስተያየት ምክንያት ፕላኑ ላይ የተቀየረው ነገር ምንድነው? መልሱንም እንዳለ አትሙት። ቀጥለው የሚለሙት ሰፈሮች የትኞቹ እንደሆኑ ካወቃችሁ ረቂቁ በየወረዳው ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ጠይቁልን፤ የእኛ እድር መዝገቡን ይዞ ለመቅረብ ዝግጁ ነው።

ከአንድ የአዲስ አበባ እድር ጸሐፊ